የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በምን ዕለት ዋለ? ስለ ጊዮርጊስ፣ ስለ መጻጉዕና ስለ ማርች 1 ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «በምንኖርበት የሰሜን አሜሪካ ከተማ ያለው ማኅበራችን የዓድዋን ድል በዓል በየዓመቱ ያከብራል። የጥሪውን ወረቀት ስናዘጋጅ ሦስት ነገሮች አከራከሩን። የካቲት 23 ማርች 1 ነው ወይስ ማርች 2? ድሉ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን የዋለው በአጋጣሚ ነው ወይስ ዐፄ ምኒልክ ቀኑን መርጠውት? ዕለቱ እሑድ ነበር የሚባለውስ እውነት ነው ወይስ ለታሪኩ ማሳመሪያ በኋላ የተጨመረ?»

ውድ ጠያቂ፣ ሦስቱ ጥያቄዎች በመልክ የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው። በአንድ ቀን ላይ የሚደራረቡ በዓላትና መታሰቢያዎች ሁሉ በአንድ ሕግ አይመላለሱም። ከወሩ ቀን ጋር ተጣብቆ የሚኖር አለ፣ ከሳምንቱ ዕለት ጋር የሚዞር አለ፣ ከፋሲካ ጋር ወደ ላይና ወደ ታች የሚል አለ፣ ከባዕድ አቈጣጠር ጋር ሲነጻጸር ብቻ የሚንሸራተትም አለ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እነዚህ አራቱም በአንድ ላይ የተገናኙበት ቀን ስለ ነበረ፣ የትኛው በየዓመቱ እንደሚመለስና የትኛው የዚያን ዓመት ብቻ እንደ ነበረ ካልለየን ክርክሩ አያልቅም።

ከእሑዱ ልጀምር፤ በሒሳብ የሚረጋገጠው እርሱ ነውና። በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዘመንና የበዓላት መቍጠሪያ ሥርዓት፣ አምስት ሺህ አምስት መቶውን ዘመን 1888 ላይ ስንደምረው ዓመተ ዓለሙ (ከዓለም ፍጥረት የሚቈጠረው ዓመት) 7388 ይሆናል። ይህን ለአራት ስናካፍለው ድርሻው፣ መጠነ ራብዒት የሚባለው፣ 1847 ሲሆን ምንም አይተርፍም፤ ስለዚህ ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ነው። ዓመተ ዓለሙንና መጠነ ራብዒቱን ስንደምር 9235 እናገኛለን፤ ለሰባት ሲካፈል ሁለት ይተርፋል። አንድ ሲተርፍ መስከረም 1 ማክሰኞ፣ ሁለት ሲተርፍ ረቡዕ ይውላልና የ1888 ዓ.ም. ቅዱስ ዮሐንስ ረቡዕ ዋለ። ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 23 ያለው ርቀት 172 ቀን ነው፤ ይህም 24 ሳምንት ከአራት ቀን ነው። ከረቡዕ አራት ቀን ሲቈጠር ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ ይሆናል። የአውሮፓ አቈጣጠርም ማርች 1 ቀን 1896ን እሑድ ያደርገዋል። እሑድነቱ ማሳመሪያ እንዳልሆነ ሁለት የማይተዋወቁ ስሌቶች እየመሰከሩለት ነው።

ግን በእሑድነቱ ላይ ብቻ መቆም አይገባም፤ የትኛው እሑድ እንደ ነበር ደግሞ መጠየቅ አለበት። ብዙ ሰው ይህን የሚያልፈው ይመስለኛል፣ እኔ ግን ከዚህ ርእስ ሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። ስሌቱን እንቀጥል። 7388ን ለ19 ስናካፍለው 16 ይተርፋል፤ ከዚህ አንዱ ለዘመን ተትቶ ወንበሩ (ዓመቱ በ19 ዓመቱ የጨረቃ ዙር ውስጥ ያለው ቦታ) 15 ይሆናል። 15 በ11 ተባዝቶ ለሠላሳ ሲገደፍ (ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ) አበቅቴው፣ ማለትም የፀሐይና የጨረቃ ዓመት ልዩነት፣ 15፣ 15 በ19 ተባዝቶ ለሠላሳ ሲገደፍ መጥቅዑም፣ ማለትም በዓለ መጥቅዕ የሚውልበትን ቀን የሚሰጠው ቍጥር፣ 15 ነው፤ የሁለቱ ድምር ሠላሳ መሆኑ ስሌቱ እንዳልተሳሳተ ያሳያል። መጥቅዑ ከ14 በላይ ስለሆነ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 15 ደግሞ እንደ መስከረም 1 ረቡዕ ነው። የረቡዕ ተውሳክ (እንደ ዕለቱ የሚጨመረው ቍጥር) አራት ነውና መባጃ ሐመሩ፣ አጽዋማትና በዓላት የሚወጡበት ቍጥር፣ 19 ወጣ። እንግዲህ ጾመ ነነዌ ጥር 19፣ የዐቢይ ጾም መግቢያ የካቲት 3፣ ደብረ ዘይት የካቲት 30፣ ትንሣኤ መጋቢት 28 ሆነ ማለት ነው። ከደብረ ዘይት አንድ ሳምንት ወደ ኋላ ስንመለስ የካቲት 23ን እናገኛለን፤ ያ እሑድ መጻጉዕ የሚባለው የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት ነው።

ስለዚህ በዚያ ሰንበት በየአብያተ ክርስቲያናቱ የተነበበው ወንጌል፣ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዳር 38 ዓመት አልጋ ላይ የተኛው በሽተኛ እንዴት ተነሥቶ አልጋውን ተሸክሞ እንደ ሄደ የሚናገረው የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ አምስት ነበር ማለት ነው። በቅዳሴ ላይ ሳሉ የጦሩ ወሬ ደረሰ እየተባለ ከአባቶች የሰማነውን ትረካ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። የዐቢይ ጾምን የቅዳሴ ሰዓት ለሚያውቅ ሰው ይህ ትረካ ራሱ ዕለቱን የሚጠቁም ነው፤ በዐቢይ ጾም ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለው ቅዳሴ ከቀትር በኋላ የሚገባ ሲሆን፣ ጠዋት የሚቀደሰው ቅዳሜና እሑድ ነውና። ውጊያው ገና ጎሕ ሲቀድ በተጀመረበት ቀን ንጉሠ ነገሥቱና መኳንንቱ በቅዳሴ ላይ ሊገኙ የሚችሉት ዕለቱ ሰንበት ከሆነ ነው። ትረካውና የጾሙ ሥርዓት እንዲህ ሲገጣጠሙ፣ ተራኪው ዕለቱን ከልቡ አላወጣውም ለማለት ያስደፍራል።

በዚያው ሰሞን ሌላም ጾም ነበር። በእስልምና አቈጣጠር ቀኑ በ1313 ዓመተ ሂጅራ በረመዳን ወር አጋማሽ ላይ የዋለ ነው፤ ስለዚህ በንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ውስጥ የነበሩት ሙስሊም ኢትዮጵያውያንም በጾም ወር ላይ ነበሩ። ኢጣሊያኖቹ ደግሞ ካቶሊኮች ነበሩ፤ በ1896 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የምሥራቁና የምዕራቡ ፋሲካ በአንድ ቀን፣ አፕሪል 5 ላይ ስለ ዋለ፣ ማርች 1 ለእነርሱም የታላቁ ጾማቸው ሁለተኛ እሑድ ነበር። በአንድ ሜዳ ላይ የተጋጠሙት ሁሉ፣ በየሥርዓታቸው፣ በጾም ወራት ላይ ነበሩ። የረመዳን አጋማሽ ጨረቃ የምትሞላበት ጊዜ ነውና፣ የኢጣሊያኑ አዛዥ የጄኔራል ባራቲየሪ ጦር ቅዳሜ ማታ ተነሥቶ ሌሊቱን ሲጓዝ ያደረው ሙሉ ልትባል በምትችል ጨረቃ ሥር ነው። የሦስት እምነት ሰዎች የጾም ሒሳብና የአንድ ጄኔራል የሌሊት ጉዞ በአንዲት ጨረቃ ላይ መገናኘታቸውን ባሕረ ሐሳብ ለሚማሩ ልጆች ስነግራቸው፣ አበቅቴ ለምን እንደሚሰላ ያን ጊዜ ይገባቸዋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ። ዐፄ ምኒልክ ቀኑን አልመረጡትም፤ ሊመርጡትም አይችሉም ነበር፣ ውጊያውን የጀመረው ሌላኛው ወገን ነውና። ሁለቱ ሠራዊቶች ለሳምንታት ሲተያዩ ቆይተው የሁለቱም ስንቅ እየተመናመነ ነበር፤ የኢትዮጵያ ጦር በዚያ አካባቢ ከዚህ በላይ ብዙ ሊቆይ እንደማይችል ንጉሠ ነገሥቱም ባራቲየሪም ያውቁ ነበር። ከሮም ደግሞ የጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ ግፊት በረታ። ባራቲየሪ የብርጌድ አዛዦቹን አልቤርቶኔን፣ አሪሞንዲን፣ ዳቦርሚዳንና ኤሌናን ሰብስቦ ካማከረ በኋላ ፌብሩዋሪ 29፣ ማለትም የካቲት 22 ቅዳሜ ማታ ጦሩ እንዲንቀሳቀስ አዘዘ። ኢጣሊያዊው ጄኔራል የመነሻውን ቀን ሲወስን የጊዮርጊስን ወርኃዊ በዓል አስቦ ነበር የሚል ማንም የለም። በነገራችን ላይ፣ አልቤርቶኔን መንገድ አሳስቶ ከቀሩት ብርጌዶች የነጠለው፣ በካርታው ላይ ኪዳነ ምሕረት ተብሎ የተጻፈው ኮረብታና የአገሩ ሰው ኪዳነ ምሕረት የሚለው ኮረብታ የተለያዩ መሆናቸው ነበር፤ የኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ በዓል የካቲት 16 ልክ ከሳምንት በፊት፣ ምኵራብ በሚባለው በጾሙ ሦስተኛ እሑድ፣ ተከብሮ ነበር። የቦታ ስሞቻችን ከበዓላቶቻችን ጋር ምን ያህል የተሳሰሩ እንደሆኑ ካርታ ሠሪው ባለማወቁ ጦሩ ተከፈለ።

ታዲያ የጊዮርጊስ ቀን መሆኑ ተራ ግጥምጥሞሽ ነውን? በመቍጠሪያ ደረጃ አዎ ነው፤ ይህንም ስል የሚከፋ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት በወሩ ውስጥ ያለ መታሰቢያ የሚያልፍ ቀን የለም ማለት ይቻላል፤ 12 ሚካኤል፣ 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔ ዓለም ነው። ውጊያው በየትኛውም ቀን ቢሆን ኖሮ በአንዱ ስም ይጠራ ነበር። ነገር ግን ግጥምጥሞሹ ትርጉም የሌለው አይደለም፤ ትርጉሙ ከድሉ በኋላ የተፈጠረ ሳይሆን አስቀድሞ የነበረ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ከሠራዊቱ ጋር ወደ ዓድዋ እንደ ዘመተ በቤተ ክርስቲያኒቱ ትውፊት በስፋት ይነገራል፤ የተዋጊዎች ጠባቂ ሰማዕት ተብሎ በጦር ሜዳ ሲጠራ የኖረውም ከዓድዋ ብዙ ዘመን በፊት ነው። ቀኑን ሰው አልመረጠውም፤ ቀኑ ሲመጣ ግን ሠራዊቱ በማን ስም እንደ ቆመ ያውቅ ነበር። ከድሉ በኋላም ንጉሠ ነገሥቱ በአዲስ አበባ አራዳ ላይ ስምንት ማዕዘን ያለውን የጊዮርጊስ ካቴድራል የድሉ መታሰቢያ አድርገው አሠሩ።

እዚህ ላይ አንድ ብዙ ጊዜ የሚሳት ነገር ላርም። የካቲት 23 የቅዱስ ጊዮርጊስ ዓመታዊ በዓል አይደለም። ሰማዕትነቱን የተቀበለበት ዓመታዊ በዓሉ ሚያዝያ 23 ሲሆን፣ የካቲት 23 እንደ ሌሎቹ ወራት 23ኛ ቀን ወርኃዊ መታሰቢያው ነው። በስንክሳሩ የካቲት 23 ዋነኛ ባለ መታሰቢያ የፋሲለደስ ልጅ ሰማዕቱ አውሳብዮስ ነው፤ የንጉሥ ወገን የነበረ፣ ሃይማኖቱን ላለመካድ ሹመቱን ትቶ የሞተ ወታደር ነው። የጥሪ ወረቀት ላይ «ዓመታዊው የጊዮርጊስ በዓል» ብላችሁ እንዳትጽፉ።

ቀን በእርግጥ ተመርጦ የዋለበትን ምሳሌ ማየት ከፈለጉ ሚያዝያ 27 አለልዎ። በ1928 ዓ.ም. በዚያ ቀን የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መዲናዪቱን የያዘው መጋቢት 28 ቀን ነበር፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ግን ወደ ከተማዋ የገቡት ከአንድ ወር ገደማ በኋላ፣ ጠላት በገባ በአምስተኛ ዓመቱ፣ በዚያው ሚያዝያ 27 ነው። ዕለቱ የመድኃኔ ዓለም ወርኃዊ መታሰቢያ መሆኑ ለሕዝቡ ተጨማሪ ትርጉም ሰጥቶታል፤ የሁለቱ ታሪኮች በአንድ ቀን መዋል ግን በሰው ፈቃድ የተደረገ ነው። የዓድዋው እንዲህ አይደለም።

ከፋሲካ ጋር የሚዞረው ክፍል ደግሞ ከወሩ ቀን ጋር ሁልጊዜ አብሮ አይሄድም። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን የሰዉት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በፋሲካ ማግስት ሰኞ ነው፤ በእሮጌ የተደረገው ውጊያ ደግሞ ስቅለት ዓርብ ሚያዝያ 3 ነበር። ዛሬ ሚያዝያ 6ን የምናስታውስ ሰዎች ብዙ ጊዜ የምናስታውሰው ወይ በጾም ውስጥ ሆነን ነው ወይ ከፋሲካ ብዙ ቀን አልፎ፤ የማዕዶት ሰኞነቱ ከዚያ ዓመት ጋር ቀርቷል። የዓድዋም መጻጉዕ እንዲሁ ነው። የካቲት 23 መጻጉዕ እሑድ እንዲሆን ፋሲካ መጋቢት 28 መዋል አለበት፤ ይህ ደግሞ ከድሉ በኋላ የተደገመው በ84ኛው ዓመት፣ በ1972 ዓ.ም. ነው። የዚያ ዓመት መስከረም 1ም ረቡዕ ነበር፤ መጥቅዑ 16፣ የሐሙስ ተውሳክ 3፣ መባጃ ሐመሩ አሁንም 19። ከ1972 ወዲህ እንደገና አልገጠመም። በ2017 ዓ.ም. የካቲት 23 እሑድ ሲውል «ልክ እንደ ዓድዋው ቀን» ብለው የተደሰቱ ሰዎች ነበሩ፤ ደስታቸው በእሑዱ ትክክል ነው፣ ነገር ግን በዚያ ዓመት ፋሲካ ዘግይቶ ሚያዝያ 12 ስለ ዋለ የዕለቱ ሰንበት መጻጉዕ ሳይሆን ሁለተኛው ሰንበት ቅድስት ነበር።

የቀረው የማርች 1 እና የማርች 2 ነገር ነው፤ በውጭ አገር ለምትኖሩት በየዓመቱ ራስ የሚያዞረው ይህ እንደሆነ እገምታለሁ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ዘመናቸው ግን የተለያየ ነው። በእኛ አቈጣጠር ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ ያለ ምንም ልዩነት ስድስት ትሆናለች። የጎርጎርዮስ አቈጣጠር ግን በመቶ ዓመታት መለወጫ ላይ፣ ዓመቱ ለ400 የማይካፈል ከሆነ፣ ፌብሩዋሪ 29ን ይዘልላል። በ1900 እንደ እነርሱ አቈጣጠር ይህ ሆነ። ዓድዋ በተዋጋንበት በ1896 ፌብሩዋሪ 29 ስለ ነበረ፣ ባራቲየሪም ጦሩን ያንቀሳቀሰው በዚያች በአራት ዓመት አንዴ በምትመጣ ቀን ማታ ስለ ሆነ፣ የካቲት 23 ማርች 1 ላይ ዋለ። ከ1792 እስከ 1891 ዓ.ም. ድረስ የካቲት 23 ሁልጊዜ ማርች 1 ነበር፤ ከ1892 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ማለትም ከድሉ አራተኛ ዓመት አንሥቶ፣ ማርች 2 ሆነ። ወደፊትም በ2100 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሌላ ፌብሩዋሪ 29 ሲዘለል፣ ከ2092 ዓ.ም. ጀምሮ ማርች 3 ይሆናል። የተንሸራተተው የእነርሱ መቍጠሪያ እንጂ የካቲት 23 አይደለም፤ ወሩም ቀኑም ጊዮርጊሱም በነበሩበት ናቸው።

ስለዚህ አንድ መጽሐፍ «የዓድዋ ጦርነት ማርች 1 ቀን 1896 ተደረገ» ብሎ ቢጽፍ አልተሳሳተም፤ በማኅበራችሁ ወረቀት ላይ «በዓሉ ማርች 2 ይከበራል» ብላችሁ ብትጽፉም አልተሳሳታችሁም። የሚሳሳተው «የካቲት 23 ቀን 1888፣ ማርች 2 ቀን 1896» ብሎ ሁለቱን የሚያጣብቅ ነው። ሌላው ተደጋጋሚ ስሕተት ዓመቱን የሚመለከት ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አልፎ ያለውን ጊዜ ወደ አውሮፓ ለመለወጥ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ስምንት መደመር ያስፈልጋል። ለዚህም ነው የአምባላጌ ድል ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. በአውሮፓ 1895፣ የዓድዋው ደግሞ በዚያው በ1888 ዓ.ም. ውስጥ ሆኖ በ1896 የሚጻፈው። ይህን ያላስተዋሉ ጸሐፊዎች በሁለቱ ውጊያዎች መካከል አንድ ሙሉ ዓመት ከሦስት ወር ያልፋል ብለው ሲጽፉ አጋጥሞኛል፤ እውነተኛው ርቀት ሦስት ወር እንኳ አይሞላም፣ 85 ቀን ነው።

ለጥሪ ወረቀታችሁ የምመክረው እንግዲህ እንዲህ ነው። በላይኛው መስመር «የካቲት 23» ብላችሁ ጻፉ፤ ከሥሩ የዘንድሮውን ማርች 2 አስቀምጡ። የድሉን ቀን በታሪክ ስትጠቅሱ «እሑድ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ማርች 1 ቀን 1896» በሉ። የሥራ ቀን ሆኖባችሁ በዓሉን ወደ ቅዳሜ ወይም እሑድ ብታዛውሩት ነውር የለበትም፤ የተዛወረው ስብሰባችሁ እንጂ በዓሉ አለመሆኑን ግን በወረቀቱ ላይ ግልጽ አድርጉት፣ ልጆቻችሁ የተሳሳተ ቀን ይዘው እንዳያድጉ። የመጻጉዕን ነገር ከጠቀሳችሁም ስለ 1888 ዓ.ም. በሚናገረው ክፍል ውስጥ ብቻ ይግባ። በዓሉ በዐቢይ ጾም ውስጥ በዋለ ዓመት የእንግዶቹ ምግብ የጾም ይሁን፤ ረመዳን በገጠመ ዓመት ደግሞ ማዕዱን ከማግሪብ በኋላ አድርጉት።